ንዋምና ትጋሃ ሌሊት

ሰው በዚህ ዓለም ከሚኖርበት ዘመን ከሦስት አንዱን እጅ ያህል በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። 60 ዓመት የኖረ ሰው 20 ዓመት ያህል ተኝቶ ኖሯል ማለት ነው። እንግዲህ ፈጣሪያችን ለንስሐና ለምግባር ከሰጠን አጭር ዘመን ላይ ይህን ያህሉ በእንቅልፍ እንዲያልፍ ስለ ምን ፈቀደ ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው የሰነፍ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ሥጋችንም ስለ ነፍሳችንም የሚያስተምረን ብዙ ነገር አለና።

ስለ እንቅልፍ በመካከላችን ሁለት የስሕተት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው እንቅልፍን የስንፍና ልጅና የጠላት ወጥመድ ብቻ አድርጎ ማየት፣ የተኛውንም ሁሉ እንደ ሀኬተኛ መቍጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሌሊቱን በመጠጥ፣ በጫት፣ ወይም በእጅ ስልክ ላይ ዓይንን ተክሎ በከንቱ ወሬ ማሳለፍ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአሳብ የተራራቁ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም እንቅልፍን ዋጋ እንደሌለው ነገር ቈጥረውታል።

ነገሩም የክርክር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በማግሥቱ ምእመናንን አሳፍሮ ረጅም መንገድ ሲነዳ የብዙዎች ሕይወት በእጁ ነው። በሌሊት እየነቃ የሚጨነቅ ወንድም ወደ ንስሐ አባቱ ሲመጣ ከሚሰጠው ምክር የተነሣ ወይ ይድናል፣ ወይ ይብስበታል። ስለዚህ እንቅልፍ እንዴት እንደሚሠራና ለጤና ምን እንደሚጠቅም፣ ከዚህም ጋር ትጋሃ ሌሊትን በጥበብ ለመፈጸም ምን ማወቅ እንደሚገባን በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ ለመግለጽ አሳብ አድርገናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

በቅዱሳት መጻሕፍት የእንቅልፍ ስፍራ

በመጽሐፍ ቅዱስ እንቅልፍ አስቀድሞ የተጠራው በኃጢአት ዘመን ሳይሆን ገና አዳም በገነት ሳለ ነው። እግዚአብሔር በአዳም ላይ ከባድ እንቅልፍ አምጥቶ ከጐኑ ሔዋንን አስገኘ። እንግዲህ እንቅልፍ ከውድቀት በኋላ የመጣ ቅጣት ሳይሆን ከውድቀት በፊት የነበረ የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነቢዩ ኤልያስም ኤልዛቤልን ሸሽቶ በምድረ በዳ በደከመና ሞትን በለመነ ጊዜ ከአንድ ዛፍ በታች ተኛ። መልአኩም ስለ ምን ተኛህ ብሎ አልገሠጸውም፤ ዳስሶ አስነሣውና አበላው፣ አጠጣውም። ነቢዩ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ ተወው። ከዚያ በኋላ በዚያ ምግብ ኃይል እስከ ኮሬብ ድረስ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ። ተስፋ የቈረጠውን ሰው እግዚአብሔር አስቀድሞ ያከመው በተግሣጽ ሳይሆን በእንቅልፍና በእንጀራ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ማዕበል በተነሣ ጊዜ በመርከብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የለበሰው ሥጋ የእኛው ሥጋ መሆኑን ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በጢሮአዳም ሐዋርያው ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ትምህርቱን ባስረዘመ ጊዜ አውጤኪስ የሚባል ጐልማሳ በመስኮት ተቀምጦ ሳለ አንቀላፍቶ ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ሐዋርያው ወርዶ ዐቀፈው እንጂ አልነቀፈውም።

በሌላ ወገን ደግሞ ጌታችን በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው ባገኛቸው ጊዜ አንዲት ሰዓት እንኳ ሊተጉ ባለመቻላቸው አዝኗል፤ ሆኖም በዚያው ቃል የሥጋን ድካም ዐስቦላቸዋል። ስለ ዐሥሩ ደናግል የተነገረውን ምሳሌም ብንመረምር አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ያንቀላፉት አምስቱ ሰነፎች ብቻ አይደሉም፤ ልባሞቹም አብረው ተኝተዋል። የለያቸው እንቅልፉ ሳይሆን ከመተኛታቸው በፊት ያዘጋጁት ዘይት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን ጸሎተ ንዋም ብላ ሰይማ ለመኝታ ሰጥታለች፤ ቀጥሎም መንፈቀ ሌሊትን ለመነሣት ሠርታለች። መተኛትም መነሣትም በአንድ ሥርዓት ውስጥ የተቀደሱ ናቸው። ስለዚህ እንቅልፍና ትጋት ጠላቶች ናቸው ማለት የሥርዓቱን አንዱን ገጽ ብቻ ማንበብ ነው።

እንቅልፍ እንዴት ይሠራል

በቀድሞ ዘመን የተኛ ሰው አንጐል እንደ ጠፋ ፋኖስ ይቈጠር ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ቤርገር በ1924 ዓ.ም. የሰውን አንጐል የኤሌክትሪክ ሞገድ ከራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገበ ወዲህ ግን ይህ አሳብ ተለወጠ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሴሪንስኪና መምህሩ ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖች በሽፋናቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት፣ አንጐሉም የነቃ ያህል የሚሠራበት ጊዜ መኖሩን አስታወቁ። ይህ በይበልጥ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ነው።

ከዚህ ወዲህ በተደረገው ምርመራ እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑ ታውቋል። ሰው መጀመሪያ ይሸልበዋል፤ ከዚያ ወደ መጠነኛ እንቅልፍ፣ ቀጥሎም ወደ ከባድ እንቅልፍ ይወርዳል። በከባዱ እንቅልፍ የአንጐል ሞገድ ይረጋል፣ የልብ ትርታና አተነፋፈስ ይቀዘቅዛል፣ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ በልጆችም ለእድገት የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር በብዛት የሚመነጨው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ የሕልሙ እንቅልፍ ይመጣል። ይህ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ሌሊትም አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ከባዱ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ፣ የሕልሙ እንቅልፍ በሌሊቱ መጨረሻ ይበዛል። ስለዚህ አምሽቶ የሚተኛም ሆነ ማልዶ የሚነሣ የሚያጐድለው የሰዓት ቍጥር ብቻ ሳይሆን የእንቅልፍ ዓይነትም ጭምር ነው።

በሕልሙ እንቅልፍ ጊዜ ሰው በሕልሙ የሚያደርገውን በእጁና በእግሩ እንዳይፈጽም ጡንቻዎቹ እንደ ታሰሩ ይሆናሉ። አንዳንድ ጊዜ ልቡና አስቀድሞ ይነቃና እስራቱ ሳይፈታ ለጥቂት ጊዜ ይቈያል። ሰውየው ዓይኑን ይገልጣል፤ መጮኽም መነሣትም አይችልም፤ ደረቱ ላይ አንዳች ነገር የተጫነው ይመስለዋል፤ የሕልሙም ቅሪት በፊቱ ይታየዋል። በአገራችን ዱካክ የሚባለው ይህ ነው። እንቅልፍ ባነሰው ሰውና በጀርባው በተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ይህ የደረሰበትን ሰው ርኵስ መንፈስ ይዞሃል ብሎ ማስደንገጥ አይገባም፤ ፍርሃቱ እንቅልፉን ይቀንሰዋል፣ የእንቅልፉም ማነስ ዱካኩን መልሶ ያመጣዋል። በስመ ሥላሴ አማትቦ በጸጥታ መቈየትና የእንቅልፍን ሰዓት ማስተካከል ይበቃዋል።

ሁለቱ ሚዛኖች

እንቅልፍ በምን ጊዜ እንደሚመጣና በምን ጊዜ እንደሚሄድ የስዊስ ሊቅ አሌክሳንደር ቦርቤሊ በ1982 ዓ.ም. ሲያስረዳ ነገሩን በሁለት ኃይሎች አስቀምጦታል። እኛም እንደ ሁለት ሚዛኖች አድርገን እንመልከታቸው።

አንደኛው የዕዳ ሚዛን ነው። ሰው ነቅቶ በቈየ ቍጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጐሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የእንቅልፍም ክብደት እንደዚያው ይጨምራል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው እንቅልፍ ብቻ ነው። ከፋ ለዓለም ያበረከተችው ቡናችን ሰውን የሚያነቃው በውስጡ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። እንግዲህ ቡና አበዳሪውን በር ላይ ያቆመዋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ከጠጣነው ካፌይን እኩሌታው ከሰውነት የሚወጣው በ5 ሰዓት ያህል ስለ ሆነ፣ ማታ በ12 ሰዓት የተጠጣ ቡና እኩሌታው በ5 ሰዓት ለመኝታ ጋደም ስንል ገና ከእኛ ጋር ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ሚዛን ነው። ከዓይን የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት ስፍራ በላይ 20,000 ያህል ሕዋሳት ያሉበት እጅግ ታናሽ የአንጐል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ብርሃንንና ጨለማን እየለየ የሰውነትን ሥራ ሁሉ ከ24 ሰዓት ዑደት ጋር ያስማማል። ሲመሽ በአንጐል መካከል ያለች ታናሽ ዕጢ ሜላቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ሰውነትም ሌሊት መሆኑን ያውቃል። በምሽት ብሩህ መብራትና የስልክ ብርሃን ይህን ምልክት ያዘገዩታል። የዚህን የሰውነት ሰዓት ውስጣዊ አሠራር የገለጡት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ በ2017 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ሰዓት በፈቃዳችን የሚታዘዝ አይደለም። ከላይ ያነሣነው ክላይትማን በ1938 ዓ.ም. ከአንድ ወጣት ረዳቱ ጋር በኬንታኪ ግዛት በሚገኝ ጥልቅ ዋሻ 32 ቀን ተቀምጦ፣ አንዱን ቀን 28 ሰዓት አድርጎ ለመኖር ሞከረ። ወጣቱ ለመደው፤ የክላይትማን ሰውነት ግን ፀሐይ በማይታይበት ስፍራ እንኳ የ24 ሰዓቱን ሥርዓት አልተወም። ከዚህ የምንማረው ሰው ሁሉ በአንድ ልክ እንዳልተሠራ ነው። ስለዚህ ባልንጀራችን እንደ እኛ ሌሊቱን መቆም ቢያቅተው የልቡን ትጋት በዚህ መመዘን አይገባንም።

አሁን ማኅሌት የቆመውን ካህን እናስብ። ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሣ ሰው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲቆም ዕዳው 21 ሰዓት ሞልቷል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ የሰዓቱም ሚዛን ወደ እንቅልፍ ያዘነብላል። ሁለቱ ሚዛኖች በአንድነት የሚከብዱት በዚያን ጊዜ ነው። መቋሚያው ላይ ተደግፎ ያንጐላጀውን ወንድም በጐሸምንበት ጊዜ፣ የተጫነው የፈቃድ ጉድለት ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮ ሸክም መሆኑን እናስታውስ። ጎሕ ሲቀድ ግን የሰዓቱ ሚዛን ወደ መንቃት ይመለሳል፤ ሰውየውም እንቅልፌ ሄደልኝ ይላል። ዕዳው ግን አልተከፈለም። ሰውየው ከቅዳሴ በኋላ ቀምሶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ወይም በመንገድ ላይ መሪ ጨብጦ ሳለ ይጠየቃል።

ለጤና ምን ይጠቅማል

በ1997 ዓ.ም. በአውስትራልያ በተደረገ ምርመራ፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቈየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል፣ 24 ሰዓት ሲሞላም 0.10 በመቶ ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል ታይቷል። በብዙ አገሮች 0.05 በመቶ እንኳ መኪና ከመንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ በጸሎት የቆመ ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም እጁ እንደ ሰካራም እጅ ሆኗል።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የታተመ ሌላ ምርመራ፣ ለ14 ሌሊት በየቀኑ 6 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ጤነኞች የንቃት ጉድለታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ፈጽሞ ያልተኛ ሰውን ያህል መድረሱን ገልጧል። እነርሱ ግን ጥቂት ድብታ ብቻ ያለባቸው ይመስላቸው ነበር። እንቅልፍ ያነሰው ሰው ጉድለቱን ራሱ መመዘን አይችልም ማለት ነው።

ስለ ሥጋም በ1999 ዓ.ም. በቺካጎ 11 ወጣቶች ለስድስት ሌሊት በአልጋ ላይ የሚቈዩበት ጊዜ 4 ሰዓት ብቻ በሆነ ጊዜ ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የሚያነሣበት ኃይል ደክሞ ተገኝቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 164 ጤነኞች የጉንፋን ተዋሲ በአፍንጫቸው ተጨምሮባቸው ሲታዩ፣ ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ለጉንፋን ተጋልጠዋል። ለብዙ ዘመን እንቅልፍ ማጉደልም ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስኳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ለአብነት መምህራንና ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። በ1924 ዓ.ም. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ሊቃውንት፣ ትርጕም የሌላቸውን ቃላት ያጠኑ ሁለት ተማሪዎችን መርምረው፣ ካጠኑ በኋላ ሲተኙ የሚረሱት ነቅተው ሲቈዩ ከሚረሱት ያነሰ መሆኑን አገኙ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ምርመራ የጸናው ትምህርት አንጐል የተማረውን በእንቅልፍ ጊዜ እያጸና እንደሚያኖር ነው። ዜማውንና ድጓውን በቃል የሚይዝ ተማሪ ሌሊቱን ሁሉ ሲቀጽል አድሮ ጠዋት ለመምህሩ ከሚያቀርብ ይልቅ፣ ማታ ቀጽሎ ተኝቶ ማልዶ ቢከልስ ይጸናለታል። መተኛቱም የትምህርቱ ክፍል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ

ከዚህ በላይ የተነገረው ትጋሃ ሌሊትን ለመቀነስ አይደለም። ይልቁንም ትጋቱ እውነተኛ ትጋት እንዲሆን ነው። ቅዱሳን አባቶች ሌሊቱን ሁሉ ይቆሙ አልነበረምን? የሚል ቢኖር፣ አዎን፣ ይቆሙ ነበር። ነገር ግን በአባት ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ በተለመደ ሥርዓትና ከዓለም ሥራ ተለይተው ነው። ገና ያልተለማመደ ሰው በገዛ ፈቃዱ የእነርሱን መጠን ቢወስድ ትሕትናን ሳይሆን ትምክሕትን ያተርፋል፤ በማግሥቱም በቍጣና በመነጫነጭ የሌሊቱን ዋጋ ይበትነዋል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ሌሊት የሚያድር ሁሉ ከማኅሌቱ በፊት ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይተኛ። ልባሞቹ ደናግል ዘይት እንደ ያዙ፣ ይህ የሥጋ ዘይት ነው። በዘመነ ጽጌ በየሳምንቱ የሚያድሩ መዘምራንም በሌሎቹ ቀናት እንቅልፋቸውን አያጕድሉ።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ያደረ ሰው መኪና አይንዳ። ለንግሥም ሆነ ለገዳም ጉዞ ምእመናንን የሚያሰባስቡ ማኅበራት ሹፌሩ የሚተኛበትን ስፍራና ጊዜ አስቀድመው ያዘጋጁ። እርሱ በአልጋው መተኛቱ በዚያች ሌሊት የሚያቀርበው አገልግሎት ነው። በመንገድ ላይ ድብታ ከመጣ መስኮት መክፈትና መዝሙር ማስጮኽ አያድንም፤ ከመንገድ ወጥቶ ማቆምና 20 ደቂቃ ያህል ማሸለብ ይሻላል፤ ከዚያም በኋላ የሚደበተው ሰው መሪውን ለሌላ ይልቀቅ።

ሦስተኛ፣ በዘወትሩ ቀን የእንቅልፍን ሰዓት እናክብር። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት ለአዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልግ መክረዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ስልክን ከመኝታ ማራቅ፣ ከቀትር በኋላ ቡናን መተው፣ ጸሎተ ንዋምን አድርሶ መጋደም ይረዳል። ጠላና አረቄ ለማስተኛት የሚመስሉ ናቸው፤ ነገር ግን የሌሊቱን መጨረሻ ይረብሹታል።

አራተኛ፣ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና በሌሊት ተረኛ የሆኑ አስታማሚዎች ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው በልካቸው ይጸልዩ። ለሕፃን ስትል ስድስት ጊዜ የምትነሣ እናት ሌሊቷን በፍቅር ሥራ ትጋለችና።

አምስተኛ፣ የንስሐ አባቶች ስንፍናን ከደዌ ለይተው ያስተውሉ። በኃይል የሚያንኰራፋ፣ በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን፣ በቀንም በቅዳሴ መካከል የሚያንቀላፋ ሰው የአየር መንገዱ የሚዘጋበት ሕመም ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወርም ያህል እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን አይውሰድ፤ ሐኪሞች የሚያስቀድሙት አሳብንና የመኝታ ልማድን በማስተካከል የሚደረገውን ሕክምና ነውና። ጠበል መጠመቅ ሐኪምን አያስቀርም፤ ሐኪምም ጸሎትን አያስቀርም።

በመጨረሻ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ እንስጥ። እግዚአብሔር የዘመናችንን አንድ ሦስተኛ ለእንቅልፍ የሰጠው፣ ሥጋችን እንዲታደስ ብቻ ሳይሆን በየምሽቱ ሥራችንንና ነፍሳችንን አሳልፈን መስጠትን እንድንማር ነው። ተኝቶ ያለ ሰው ራሱን መጠበቅ አይችልም፤ የሚጠብቀውን አምኖ ይጋደማል። ቤተ ክርስቲያንም ጻድቃንን ሞቱ አትልም፤ ዐረፉ፣ አንቀላፉ ትላለች፤ የሚያነቃቸውን ታውቃለችና። እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፣ በሚያስፈልገን ጊዜ በእምነት እንተኛ፣ በተጠራንም ጊዜ በብርታት እንነሣ። ማታ አልጋችን ትንሣኤን የምንጠብቅበት ትምህርት ቤት፣ መንፈቀ ሌሊትም የተማርነውን የምንመሰክርበት ሰዓት ይሁንልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።